«ሊትራሊ» ምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ንግግሮችን ወደ አማርኛ ስመልስ፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ የቀድሞ እጮኛዋን ሠርግ ላይ ድንገት እንዳየችው ለጓደኛዋ ስታወራ «ሊትራሊ ሞትኩ» አለች። መዝገበ ቃላት ገልጬ «ቃል በቃል ሞትኩ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን የሚያርመው ባልደረባዬ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ ይህን የምታወራው ማን ናት?» ብሎ መለሰልኝ።

«ሊትራሊ» የእንግሊዝኛ ቃል ቢሆንም ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሊተራ» ማለት ፊደል ማለት ነው። ስለዚህ የጥንት ትርጉሙ «በፊደሉ እንደ ተጻፈው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ» ነው። በትምህርት ቤት እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍቺ እየተባለ የተማርነውን የሚያስታውስ ሰው፣ ቃሉ የእማሬያዊው ወገን ጠበቃ መሆኑ ይገባዋል። ቅኔ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከዚህም ባጠረ መንገድ ማስረዳት ይቻላል፤ «ሊትራሊ» ያለ ሰው «ወርቅ አትፈልጉ፣ ሰሙን ብቻ ውሰዱ» ማለቱ ነው። «ነጋዴው ተቃጠለ» ብንባል ተናዶ ይሆናል፣ እሳት ነክቶትም ይሆናል። «ሊትራሊ ተቃጠለ» ከተባለ ግን ውኃ ይዞ መሮጥ ነበር።

ነበር ያልኩት የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃሉን የሚጠቀምበት ብዙውን ጊዜ ውኃ በማያስፈልግበት ቦታ ስለሆነ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው ጄሚ ሬድናፕን ያውቀዋል። ተጫዋች የነበረው፣ በኋላም የቴሌቪዥን ተንታኝ የሆነው ይህ ሰው በዚህ ቃል የተነሣ ብዙ ተቀልዶበታል። አንድ ተጫዋች ኳሷን ለምን ወደ ግራ እግሩ እንዳዞራት ሲያስረዳ «ሊትራሊ ቀኝ እግር የለውም» ማለቱ ይነገርለታል። ተጫዋቹ በሁለት እግሩ ሜዳውን ሲያካልል ሕዝብ እያየው ነው። ተንታኙ ሊል የፈለገው በቀኙ መምታት አይሆንለትም ነው። ይህ ግነት ነው፤ ግነት ደግሞ ነውር የለበትም። ሰሚውን የሚያበሳጨው ግነቱ ላይ የተመታው ማኅተም «ይህ ግነት አይደለም» የሚል መሆኑ ነው።

ብስጭቱን የዘመኑ ወጣቶች ያመጡት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1769 እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፍራንሲስ ብሩክ በልብ ወለዷ ውስጥ አንድን ሰው ከቆንጆ ሴቶች ጋር መገናኘቱን ስታሞግስለት፣ ይህ ማለት «ሊትራሊ» በአበቦች መካከል መሰማራት ነው ብላለች። የመኃልየ መኃልይ አባባል ነው፤ ሰውየውም ሣር አልጋጠም። ቻርልስ ዲክንስም፣ ማርክ ትዌይንም ቃሉን እንዲሁ አድርገውታል፤ የትዌይን ገጸ ባሕርይ ቶም ሳውየር በ1876 «ሊትራሊ» በሀብት ላይ ይንከባለል ነበር። አሜሪካዊው ጸሐፊ አምብሮዝ ቢርስ ይህን አጠቃቀም ሲያወግዝ ጊዜው 1909 ነበር። በዚያው ዓመት የታተመው የሜሪያም ዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት ግን ያንኑ አጠቃቀም መዝግቦታል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2011 ፍቺውን ሲያድስ ይህንኑ ለይቶ ቢያሰፍርም ሰው ልብ ያለው በ2013 ነው፤ ያኔ «እንግሊዝኛ ሞተ» የሚል ለቅሶ ተሰማ። ከ240 ዓመት በላይ የዘገየ ለቅሶ።

ከአልቃሾቹ አንደበት የማይጠፋ አንድ ክስ አለ፤ «ቃሉ ዛሬ የራሱ ተቃራኒ ሆኗል፣ በምሳሌያዊ አነጋገር ማለት ሆኗል» ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ያችን የድራማ ሴት «በምሳሌያዊ አነጋገር ሞትኩ» አስብለን እንሞክራት። ጨዋታው ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ስለ ሠርግ የምታወራ ሳይሆን የሰዋስው ፈተና የምትፈተን ትመስላለች። እሷ የፈለገችው ሞቱ እውነተኛ እንዲመስልላት ነው። ቃሉ ትርጉሙን አልጣለም፤ እውነተኛ ትርጉሙን ይዞ ለማጋነን ሥራ ተቀጠረ እንጂ።

የእውነት ቃሎች ዕጣ ይኸው ነው። እንግሊዞች ዛሬ «በጣም» ለማለት የሚጠቀሙበት «ቬሪ» ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲመጣ «እውነተኛ» ማለት ነበር። «ሪሊ»ም «በእውን» ከማለት ተነሥቶ ዛሬ ሻይ ሲጣፍጥ የሚባል ሆኗል። ወደ እኛ እንምጣ ከተባለ መርካቶ ቅርብ ነው፤ «ማርያምን፣ በመጣበት ዋጋ ነው የሰጠሁህ» ያለ ነጋዴ መሐላውን የፈጸመው በፍርድ ቤት ፊት እንዳልሆነ ገዢውም ያውቃል። ያውቃል፤ ግን ማርያም ባትጠራ ደግሞ ይጠረጥራል።

እኔን የሚያናድደኝ ታዲያ ግነቱ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥታ ቤታችን ምሳ ስንበላ፣ ቃሉን ስንት ጊዜ እንደምታነሣ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሙቀቱ «ሊትራሊ» ገደላት፣ መንገዱ «ሊትራሊ» ማለቂያ የለውም፣ ሽሮው «ሊትራሊ» ሕይወቷን ቀየረው። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ተውኩት። ከዚያ «ሻንጣዬ ሊትራሊ ባዶ ነበር» አለች። እናቴ «አይ ልጄ፣ ስጦታ ሳታመጪልን ስለቀረሽ ነው እንዲህ የምትዪው» ብላ ሳቀች፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ወጡም ተጨመረ። ልጅቷ ዝም ብላ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችን። ቁልፉ የተሰበረ ሻንጣ፣ ውስጡ አንድ የሕፃን ካልሲ ብቻ። ያመጣችውን ልብስ ሁሉ መንገድ ላይ ወስደውባታል። ያን ጊዜ ያስፈለጋት ያው ቃል ነበር፤ ግን አሥራ አራት ጊዜ ከመዘዘችው በኋላ ስለቱ አልቆ ነበር።

የድራማዋን መስመር በተመለከተ፣ ከአራሚው ጋር ሁለት ቀን ተመላለስንበት። «የምር ሞትኩ» አልኩ፤ ከበደው። «በድንጋጤ ሞትኩ» አልኩ፤ ቃላቱ በዙና በማያ ገጹ ላይ አልገባ አለ። በመጨረሻ «ሞቼልሽ ነበር እኮ!» ብዬ ሰጠሁት። ሴትየዋ ለጓደኛዋ እያወራች ስለሆነ «ልሽ» ጓደኛዋን አስገባት፤ «እኮ» ደግሞ «ሊትራሊ» ሊሠራ የፈለገውን ሁሉ ሠራ። ቀይ እስክሪብቶው ሳይነካው አለፈ።