ቴዎድሮስ የካሣ ብቻ አይደለም

«ቴዎድሮስ» ሲባል ወዲያው ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሹሩባው፣ ጋሻው፣ መቅደላ እና ሽጉጡ ነው። አይፈረድብንም። ግን ስሙ ከንጉሡ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ የደረሰበት አገርም ብዙ ነው። ስለዚህ ስም ከምንሰማው ውስጥ ደግሞ ግማሽ እውነት የሆነው ይበዛል።

«የግእዝ ስም ነው»

አይደለም፣ የግሪክ ነው። «ቴዎስ» አምላክ፣ «ዶሮን» ስጦታ። ሲገጥሙ «ቴዎዶሮስ» ይሆናሉ፤ የአምላክ ስጦታ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ መሃል ያለችው «ዶ» ወደ «ድ» ሳሳች። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ግን አልተነካችም። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ ላይ የምናያት ራሷ ናት፤ የግሪክ የወንድ ስም መዝጊያ። «ቴዎስ»ን ቴዎፍሎስ ላይ ከፊት፣ ጢሞቴዎስ ላይ ከኋላ ታገኙታላችሁ። ሁለቱን ቃላት ገልብጣችሁ ስትገጥሟቸው ደግሞ ዶሮቴዎስ ይወጣል። እና ዶሮቴዎስ የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ በዶሮ አትቀልዱበት። የቴዎድሮስ ሞክሼ ነው ማለት ይቻላል።

ትርጉሙን ብቻ ለሚፈልግ ሌላም ሞልቷል። ከዕብራይስጥ የመጡት ናትናኤል፣ ዮናታን እና ማትያስ ሁሉም «አምላክ ሰጠ» ወይም «የአምላክ ስጦታ» ከሚለው አይርቁም። በግእዝም «ሀብት» ስጦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሀብተማርያም እና ሀብተሥላሴ ከገንዘብ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ የቴዎድሮስ የሥጋ ዘመድ ባይሆኑም የትርጉም ዘመድ ናቸው።

«ንጉሡ ሲወለዱም ቴዎድሮስ ነበሩ»

የቋራው ልጅ ካሣ ኃይሉ ነበሩ። ቴዎድሮስ የተባሉት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ ሰሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም፣ አቡነ ሰላማ ዘውድ ሲጭኑላቸው። ቤተክርስቲያኑን ያሠሩት ደግሞ በጦርነት የተሸነፉት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው። በሰው ድግስ መዳር ይሏል ይሄ ነው።

ስሙ እንዲያው ደስ ስላለ የተመረጠ አይደለም። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍትሕ እንደሚገዛ ይናገራል። መሳፍንቱ አገር ተከፋፍለው ሲዋጉበት ለኖረ ሕዝብ ይሄ ትንቢት ተራ ወሬ አልነበረም። ካሣ ስሙን ሲወስዱ «ስትጠብቁት የነበረው እኔ ነኝ» እያሉ ነበር። ያለ አዋጅ አዋጅ ማለት ነው።

እዚሁ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። «አባ ታጠቅ» ሌላ የግል ስማቸው የሚመስለው ሰው አለ፤ የፈረስ ስም ነው፣ ታጠቅ ፈረሳቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ካሣ ሆኖ ተወልዶ በሌላ ስም የነገሠው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ምርጫ ነበሩ። የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተጠንቀቁ።

«ዳግማዊ» የተባሉትስ? ቀዳማዊ ስለነበረ ነዋ። የዐፄ ዳዊት ልጅ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ነግሠዋል፤ ከሳቸው ቀጥሎ ወንድማቸው ዐፄ ይስሐቅ መጡ። እኒህኛውን ቴዎድሮስ የሚያነሳቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ታናሹ ሞክሼ ጋረዷቸው።

«ቅዱስ ቴዎድሮስ አንድ ነው»

ስንክሳሩን ግለጡት። ጥር 12 የሚታሰበው ምሥራቃዊ የሚባለው ቴዎድሮስ ነው። ሐምሌ 20 የሚታሰበው ሌላ ነው፤ የጦር አለቃው። ሁለቱም ወታደሮች፣ ሁለቱም ሰማዕታት ስለሆኑ መደባለቁ አይገርምም። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የግብጽ ኮፕት ቤተክርስቲያንን የሚመሩት አቡነ ታዋድሮስ 2ኛም ስማቸው ይኸው ነው፤ በአረብኛ በኩል አልፎ ነው ድምፁ የተለወጠው።

«የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ ነው»

በጆሮ መፍረድ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል። ሩሲያዊው ፊዮዶር ምንም አይመስልም፤ ግን ቴዎድሮስ ነው። ደራሲው ዶስቶየቭስኪ ሞክሼያችን ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ጣልያንን የገዛው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ቁርጥ ቴዎድሮስ ይመስላል፤ ግን ዝምድና የለውም። ስሙ ጀርመናዊ ነው፣ የሕዝብ ገዥ ማለት ነው። አምላክም ስጦታም ውስጡ የለም።

ስሙ የወንድ ብቻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ቴዎዶራን ያስታውስ። የቢዛንታይኑ ንጉሥ የዮስጢንያኖስ ሚስት ናት፤ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ548 ነው። የኛ ቤተክርስቲያን የምታከብረውን የአንጾኪያውን ሳዊሮስን ስትከላከል የነበረችውም እሷ ናት። ዶሮቲ የሚለው የፈረንጅ ስምም ዶሮቴያ ከሚለው የወጣ ነው፤ እንደ ዶሮቴዎስ የተገለበጠ ቴዎድሮስ።

«ቴዲ የአዲስ አበባ ልጆች ቁልምጫ ነው»

ቁልምጫውስ ቁልምጫ ነው፣ ግን ፈረንጆቹም ይጠሩበታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቴዲ ይባሉ ነበር፤ ስሙን ራሳቸው ብዙም ባይወዱትም። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም አሉ። ነገሩ በጋዜጣ ካርቱን ተሣለ፣ ከዚያ የአሻንጉሊት ድብ ተሠራበት። ልጆች አቅፈውት የሚተኙት ቴዲ ቤር ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። የኛው ቴዲ አፍሮ ደግሞ ሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሣሁን ነው። የንጉሡን የዙፋን ስም ለራሱ፣ የልጅነት ስማቸውን በአባቱ በኩል አገኘ።

«የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ገብረየሱስ»

የውጭ ጋዜጦች አንዳንዴ እንዲህ ይጽፋሉ። ቴዎድሮስ አድሃኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጅቱን ለመምራት የተመረጡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው። አድሃኖም አባታቸው ናቸው፣ ገብረየሱስ አያታቸው። እኛ ጋ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። «ዶክተር ቴድሮስ» ሲባሉ የተደፈሩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ትክክለኛው አጠራር እሱ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል»

ይሄን እንኳ ብዙዎቻችን በከፊል እናምንበታለን። ስሙ ግን ከክርስትና በፊትም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ቴዎፍሎስ እንጂ ቴዎድሮስ የሚባል ሰው የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከቄሬና የተነሣ አንድ ፈላስፋ ነበር፤ ስሙ ቴዎዶሮስ፣ የአምላክ ስጦታ። ስለ አማልክት በተናገረው ነገር የተነሣ የዘመኑ ሰዎች ቅጽል ስም አወጡለት፤ «አምላክ የለሹ»።