«ኦልዞው» ካሉ «በት» አይጨምሩ

አማርኛ ጥገኛውን ሐረግ (ብቻውን ሙሉ ሐሳብ የማይሰጠውን ክፍል) የሚያስረው ግሱ ላይ ነው፦ «ስለታመመ»፣ «ሲመጣ»፣ «ቢዘንብም»። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ ቃሉም ከሐረጉ ፊት ይቆማል፦ ቢኮዝ (because)፣ ዌን (when)፣ ኦልዞው (although)።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ኦልዞው ነው። «ቢዘንብም እኛ ግን ሄድን» ማለት በአማርኛ ያምራል። ይህንኑ ቃል በቃል ስንወስደው «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት» ይሆንና ስሕተት ላይ እንወድቃለን። ኦልዞው የመጀመሪያውን ክፍል ጥገኛ አድርጎታል፤ በት (but፣ «ግን») የሚያያይዘው ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ክፍሎችን ነው። ስለዚህ አንዱን ይምረጡ፦ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዌንት» ወይም «ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት»። (ልማዱ ቶሎ አይለቅም፤ እኔንም ዓመታት ፈጅቶብኛል።)

ኮማውስ? ጥገኛው ሲቀድም ኮማ ይከተለዋል። ዋናው ሲቀድም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፦ «ዊ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»።

አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜን የሚያመለክተው ዌን ስለ ወደፊት ሲነገርም ከኋላው «ዊል» አያስከትልም፦ «አይ ዊል ኮል ዩ ዌን አይ አራይቭ»። የእኛም «ስደርስ እደውልልሃለሁ» ውስጥ የወደፊቱን ጊዜ የሚሸከመው «እደውልልሃለሁ» እንጂ «ስደርስ» አይደለም፤ እዚህ ላይስ ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተዋል።