የጥገና መርከብ ምንድን ነው? የ«ቬስታል» የጦርነት ዓመታት

ስለ ባሕር ላይ ውጊያ ሲወራ ስማቸው የሚነሳው መድፍ የተሸከሙት መርከቦች ናቸው። ተመትቶ ያልሰመጠ መርከብ ግን የሚጠግነው ይፈልጋል። የጥገና መርከብ ሥራው ይኸው ነው፤ የሚንሳፈፍ ትልቅ ጋራዥ በሉት። ሆዱ ውስጥ ቶርኖ ቤት፣ ብየዳ፣ የብረት ማቅለጫ፣ አናጺ ቤትና የኤሌክትሪክ ክፍል አለ። ውሃ ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ጠላቂዎችም አሉት። መለዋወጫ ከጠፋ እዚያው ይሠራል።

ወደብ እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ችግሩ ርቀት ነው። አሜሪካና ጃፓን በሰለሞን ደሴቶች አካባቢ ሲዋጉ፣ ከዚያ እስከ ሐዋይ ፐርል ሃርበር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀፎው የተቀደደ መርከብ ያን ያህል መንገድ አይችልም። ስለዚህ ጠጋኙ ራሱ ወደ ቁስለኛው ይሄዳል።

ከእነዚህ መርከቦች እኔ የማደንቀው የአሜሪካዋን «ቬስታል»ን ነው። በ1909 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የድንጋይ ከሰል ጫኝ ሆና ሥራ ጀመረች፤ በ1913 የጥገና መርከብ ሆነች። ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ እሑድ ጠዋት፣ ፐርል ሃርበር ላይ ከጦር መርከቧ «አሪዞና» ጎን ታስራ ነበር። 2 ሰዓት ገደማ የጃፓን አውሮፕላኖች የጣሉት ሁለት ቦምብ መታት። ወዲያው የ«አሪዞና» ጥይት ማከማቻ ፈነዳ። ፍንዳታው የ«ቬስታል»ን አዛዥ ካሲን ያንግን አንስቶ ባሕር ውስጥ ጣለው። መርከቧን ለቃችሁ ውረዱ የሚል ትእዛዝም ተሰጠ። ያንግ ግን ዘይት በዘይት ሆኖ ተመልሶ ወጣና ትእዛዙን ሻረ። ጆ ጆርጅ የሚባል መርከበኛ ደግሞ እሳት ውስጥ ለቀሩ ስድስት የ«አሪዞና» ሰዎች ገመድ ወረወረላቸው። የተቃጠለ እጃቸውን እያፈራረቁ፣ ከሚነደው ባሕር በላይ ተንጠላጥለው ተሻገሩ። «ቬስታል» ውሃ እየገባባት ስለነበር ያንግ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሆን ብሎ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ አስቀመጣት። ያንግ የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልሟል።

ሠራተኞቿ መጀመሪያ የጠገኑት የራሳቸውን መርከብ ነው። በ1942 ወደ ደቡብ ፓስፊክ ወረደች። ሠራተኞቿ ኑሜያ በተባለው የኒው ካሌዶኒያ ወደብ ሆነው፣ ቀደም ሲል ውጊያ ላይ የተመታችውን የአውሮፕላን ተሸካሚ «ኢንተርፕራይዝ»ን ሲጠግኑ ሌላ ውጊያ ደረሰ። «ኢንተርፕራይዝ» ኖቬምበር 11 ከሰለሞን ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ጓዳልካናል ጉዞ ስትጀምር የ«ቬስታል» ባለሙያዎች ገና ላይዋ እየሠሩ ነበር!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ«ፔንሳኮላ» ጥገና ነው። ይቺ የአሜሪካ የጦር መርከብ በዚያው በ1942፣ ኖቬምበር 30 ሌሊት በቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ በሚመታ ፈንጂ) ተመታች። «ቬስታል» ወዳለችበት የደቡብ ፓስፊክ ደሴት ወደ ኤስፒሪቱ ሳንቶ ስትመጣ የኋላ ክፍሏ በጥቂት ብረት ብቻ ተንጠልጥሎ ከማዕበሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት ከዚያ በፊት ጠግነው አያውቁም፤ የሚከተሉት ፕላንም አልነበረም። መጀመሪያ ኋላዋን አጠናክረው ውሃ እንዳይገባ ደፈኑት። ከዚያ መንገድ ላይ ውሃውን እየተቃወሙ እንዳይጎትቷት ከአራቱ ፕሮፔለሮች (እየተሽከረከሩ መርከቧን ከሚገፉት ክንፎች) ሦስቱን ማውጣት ነበረባቸው። አልነቃነቅ ሲሏቸው በድማሚት አላቀቋቸው። ፕሮፔለሩ የተተከለበትን ወፍራም ዘንግ የነበራቸው የጋዝ መቁረጫ አልዘልቅ ሲለው፣ ሌላ መቁረጫ ራሳቸው ሠርተው ቆረጡት። «ፔንሳኮላ» በ1943 ሐዋይ ደረሰች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ታራዋ በተባለችው የፓስፊክ ደሴት እንደገና ተዋጋች።

«ቬስታል» ኤስፒሪቱ ሳንቶ ላይ ብቻ በ279 መርከቦች ላይ 5,603 ሥራ ጨርሳለች። ቁጥሩ ውስጥ ትንሽ ቧንቧም፣ ትልቅ ቀፎም አለ። በ1945 የጃፓን ደሴት በሆነችው ኦኪናዋ አጠገብ፣ ካሚካዜ (መርከብ ላይ ሆን ብሎ የሚከሰከስ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን) የመታቸውን መርከቦች ስትጠግን ከረመች። በ1946 ከአገልግሎት ወጣች፤ በ1950 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ሙዚየም መሆን ይገባት ነበር።

ለእኛም የሚቀርብ ዘመድ አላት። «ኢትዮጵያ» የተባለችው የቀድሞ ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ፣ ከዚያ በፊት «ኦርካ» ተብላ እዚያው ፓስፊክ ላይ ያገለገለች የአሜሪካ መርከብ ነበረች። የእሷ ሥራ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብና ነዳጅ መሙላት ነበር። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠችና የባሕር ኃይል ካዴቶች ሲሠለጥኑባት ኖረች።