የቡና ዛፍ ድርቅን የሚቋቋምባቸው ጂኖች

አረቢካ ቡና ጥላ የለመደ አጭር የጫካ ዛፍ ነው። መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው፤ የደቡብ ሱዳኑ ቦማ አምባም አብሮ ይነሳል። ዝናብ ሲዘገይበት አበባው ይረግፋል፣ ፍሬውም ሳይሞላ ይቀራል። ታዲያ ሁሉም ቡና እኩል አይጎዳም። ከምክንያቶቹ አንዱ ጂን ነው።

አፈሩ ሲደርቅ በዛፉ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ይበዛል። ቅጠሉ መልእክቱ ሲደርሰው በላዩ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው ይቆጠባል። ነገር ግን ዛፉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በእነዚሁ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ዛፉን ከሞት ማትረፍ ብቻውን አይበቃም። ገበሬው የሚፈልገው ፍሬም የሚሰጥ ዛፍ ነው።

ብዙ የተጻፈው ብራዚል ውስጥ ስለተሠራው ሥራ ነው። እዚያ ኮኒሎን ከሚባለው የሮቡስታ ቡና (ከአረቢካ የተለየ የቡና ዓይነት) ሁለት ክሎኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ ዛፍ ቁራጭ የተባዙ ተመሳሳይ ዛፎች፣ ተመርጠው ለዓመታት ተነጻጽረዋል። ክሎን 14 ድርቅ ይችላል፤ ክሎን 22 አይችልም። ከብራዚልና ከፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት ጎልቶ የወጣው ድሬብ 1 ዲ የተባለው ጂን ነው። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን እንደ አለቃ ነው፤ ሌሎች ጂኖችን ለሥራ ያስነሳል። ጂኑ በሁለቱም ክሎኖች አለ። በድርቅ ጊዜ ግን በክሎን 14 ቅጠል ውስጥ በርትቶ ይሠራል። ልዩነቱ የታየው ከጂኑ ፊት ባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው። ጂኑ መቼና ምን ያህል ይሥራ የሚለውን የሚወስነው ይህ ክፍል ነው።

በአረቢካ ደግሞ ኢያፓር 59 እና ሩቢ የተባሉት የብራዚል ዝርያዎች ተፈትሸዋል። ድርቅ የሚችለው ኢያፓር 59 የቅጠሉ ሰም መሰል ሽፋን ወፈር ይላል፤ ቅባት የሚያጓጉዙ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ጂኖችም ይነሱበታል። አረቢካና ሮቡስታ ተዳቅለው በተገኘው በቲሞር ድቅል በኩልም የሮቡስታ ዘር አለበት።

የሮቡስታ ሙሉ ጂኖም (የጂኖቹ ሁሉ ስብስብ) እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ፤ 25,500 ገደማ ጂኖች ተቆጠሩበት። በ2024 ደግሞ ሰፊ የአረቢካ ጂኖም ጥናት ወጣ። አረቢካ የሮቡስታና ዩጂኒኦይደስ የተባለ የሌላ ቡና ዓይነት ድቅል ነው። ድቅሉ መቼ ተፈጠረ የሚለው ያከራክራል። የ2024ቱ ጥናት ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመት በፊት ይላል፤ ከዚያ በፊት በጣም ያነሱ ግምቶች ነበሩ።

ከየመን በኩል ዓለምን ያዳረሱት የአረቢካ ዝርያዎች ቲፒካና ቡርቦን የመጡት ከጥቂት ዛፎች ነው፤ የጂን ስብጥራቸውም ጠባብ ነው። ሀብቱ ያለው እኛ ጋ ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 ከኢትዮጵያ ያሰባሰበው ዘር እስከ ኮስታሪካ ቱሪያልባ ድረስ ተተክሏል። ከሐረና፣ ከቦንጋ፣ ከብርሃነ ኮንትርና ከያዩ ጫካዎች የመጡ ቡናዎችም ጅማ ላይ ጎን ለጎን ተተክለው ተለክተዋል። በውሃ አጠቃቀማቸው ተለያይተው ተገኝተዋል። በክሎን 14 ላይ የተደረገው ዓይነት የጂን ፍተሻ ለእነዚህም ይገባቸዋል።