የናኖሜትር ደሴቶች፦ በክሪስታል ገጽ ላይ በራሳቸው የሚቆሙ ኮረብታዎች

የናኖሜትር ደሴት የሚባለው፣ በአንድ ጠጣር ገጽ ላይ ያረፉ የሌላ ቁስ አተሞች ገጹን እኩል ከመሸፈን ይልቅ እዚህም እዚያም ተሰባስበው የሚፈጥሩት ጉብታ ነው። ከፍታው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)፣ ስፋቱም ከአሥር እስከ መቶ ናኖሜትር ስለሚሆን፣ አንዱ ደሴት ከጥቂት ሺህ እስከ ብዙ መቶ ሺህ የሚደርሱ አተሞችን ይይዛል። ስስ ሽፋን የሚሠሩ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ እነዚህን ጉብታዎች የሚያዩዋቸው ለስላሳውን ሽፋን እንደሚያበላሽ ጉድለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሆን ተብሎ የሚመረቱ ናቸው። መስኩን እጅግ አስደናቂ የሚያደርገው ደሴቶቹን የሚቀርጽ መሣሪያ አለመኖሩ ነው፤ ቅርጻቸውንም መጠናቸውንም የሚወስነው በራሱ በቁሱ ውስጥ ያለው የጉልበት ሚዛን ነው።

ደሴቶቹ ከሚበቅሉባቸው መንገዶች ዋነኛው ሞለኪዩላር ቢም ኤፒታክሲ ይባላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪዎች፣ በተለይም በጆን አርተርና በአልፍሬድ ቾ ሥራ የዳበረ ነው። አየሩ እጅግ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ንጥረ ነገር እስኪተን ድረስ ይሞቅና አተሞቹ በሞቀው ክሪስታል ላይ ያርፋሉ። ያረፈው አተም ወዲያው አይረጋም፤ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ሌላ አተም ወይም የገጹን ጠርዝ እስኪያገኝ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ክሪስታሉ ሲሞቅና አተሞቹ በዝግታ ሲወርዱ ጥቂት፣ ግን ትልልቅ ደሴቶች ይገኛሉ፤ ቀዝቀዝ ሲልና አወራረዱ ሲፈጥን ደግሞ ብዙና ትንንሽ ይሆናሉ።

ሽፋን የሚያድግባቸውን መንገዶች የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት ባወር እ.ኤ.አ. በ1958 በሦስት ከፍሎ ያስቀመጠው አመዳደብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አዲሱ ቁስ ከተቀባዩ ክሪስታል ጋር አጥብቆ ሲያያዝ ሽፋኑ ድርብ በድርብ ያድጋል። የራሱ አተሞች እርስ በርስ መያያዝን ሲመርጡ ደግሞ ውሃ በኮባ ቅጠል ላይ እንደሚሰበሰብ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየቦታው ይቋጠራል። ሦስተኛው፣ በኢቫን ስትራንስኪና በልዩቦሚር ክራስታኖቭ ስም የሚጠራው፣ የሁለቱ ቅይጥ ነው፤ መጀመሪያ ጥቂት ድርብ ለስላሳ ሽፋን ይነጠፋል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ደሴቶች ይነሣሉ።

ይህን ሦስተኛ መንገድ ለመረዳት ከጀርማኒየምና ከሲሊኮን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሁለቱ የአንድ ዓይነት ክሪስታል መዋቅር ቢኖራቸውም የጀርማኒየም የአተሞች ርቀት ከሲሊኮን በ4 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በሲሊኮን ላይ የተነጠፈ ጀርማኒየም ከሥሩ ካለው ጋር ለመገጣጠም ተጨምቆ ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ ድርብም የውጥረቱ ጉልበት ይጠራቀማል። ሽፋኑ ሦስት ድርብ ካለፈ በኋላ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀጠል ይከብደዋል። ኮረብታ ሲቆም ገጹ ይሰፋል፣ ለዚህም ተጨማሪ ጉልበት ይከፈላል፤ ነገር ግን ከመሠረቱ እየራቁ የሚሄዱት አተሞች ወደ ጎን ዘርጋ የሚሉበት ቦታ ስለሚያገኙ ከውጥረቱ የሚተርፈው ከሚከፈለው ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ዙሪክ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. ላብራቶሪ የሠሩት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም እጅግ ስል በሆነ ጫፍ ገጹን እየቃኘ አተሞችን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ይህን ሂደት በዓይን ለማየት አስቻለ። በ1990 በማክስ ላጋሊ የሚመራው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዚሁ መሣሪያ በሲሊኮን ላይ የጎጆ ጣሪያ የመሰሉ የጀርማኒየም ደሴቶችን አሳየ። የጣሪያዎቹ ተዳፋት እንዲሁ በዘፈቀደ የተዘነበለ አይደለም፤ ሁሉም ከመሠረቱ 11 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም በዚያ አቅጣጫ ያለው የክሪስታል ገጽ በተለይ የተረጋጋ ነው። በዚያው ዓመት የቤል ላብራቶሪዎች ተመራማሪዎች ደሴቶቹ የአተም ረድፍ ሳይዛነፍ፣ ፍጹም ክሪስታል ሆነው ሊቆሙ እንደሚችሉ አስረዱ። በእኔ ግምት የመስኩ መዞሪያ ነጥብ ይህ ነው፤ እንከን የሌለበት ጉብታ ለኤሌክትሮኒክስ ይጠቅማል፣ የተዛነፈ ግን አይጠቅምም።

በተግባር ይበልጥ የተሳካለት ኢንዲየም አርሰናይድ በጋሊየም አርሰናይድ ላይ ነው። እዚህ የርቀቱ ልዩነት 7 በመቶ ገደማ ስለሆነ ደሴቶቹ ሁለት ድርብ እንኳ ሳይሞላ ይነሣሉ። በአብዛኛው 20 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሲሆኑ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ቁጥራቸው ወደ አሥር ቢሊዮኖች ሊደርስ ይችላል። በጋሊየም አርሰናይድ ሲቀበሩ በውስጣቸው የገባ ኤሌክትሮን በሦስቱም አቅጣጫ ይታጠርና፣ እንደ አተም ሁሉ የተወሰኑ የጉልበት ደረጃዎች ብቻ ይኖሩታል፤ ኳንተም ዶት መባላቸውም ለዚህ ነው። በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ኳንተም ዶቶች በመስታወት ውስጥና በፈሳሽ የሚሠሩት ዘመዶቻቸው ናቸው። ያሱሂኮ አራካዋና ሂሮዩኪ ሳካኪ ኤሌክትሮን እንዲህ የሚታጠርበት ሌዘር ሙቀት ሲለዋወጥ ብዙም እንደማይናወጥ በ1982 በስሌት አሳይተው ነበር፤ በደሴቶች የሚሠራ ሌዘር በ1990ዎቹ አጋማሽ ተግባራዊ ሆነ። ዛሬ እነዚህ ሌዘሮች ለፋይበር የመገናኛ መስመር የሚያገለግል የ1.3 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያመነጫሉ፤ ከአንድ ደሴት ደግሞ ፎቶኖችን (የብርሃን ቅንጣቶችን) አንድ በአንድ ማውጣት ተችሏል።

በብረቶች በኩል ታሪኩ ሁለት ፊት አለው። ሙቀት የሚመልስ የመስኮት መስታወት የሚሠራው 10 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የብር ሽፋን ሲሆን፣ ብሩ በደሴትነት ከቀረ መስታወቱ ሙቀት መመለሱን ያጣል፤ ስለዚህ ከብሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ይነጠፋል። ወርቅ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኬሚስትሪ ሰነፍ ተደርጎ ይታይ የነበረው ወርቅ፣ ከ5 ናኖሜትር ባነሱ ቅንጣቶች በብረት ኦክሳይዶች ላይ ሲበተን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንኳ እንደሚያቃጥል ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አሳይተዋል።

ራስን በራስ የመሥራት ባሕርይ ዋጋም አለው። ደሴቶቹ በመጠን ስለሚለያዩ እያንዳንዱ ትንሽ የተለየ ቀለም ያለው ብርሃን ይሰጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ አተም እየወሰዱ ያድጋሉ፣ ሲሊኮንም ከሥር እየገባ ይቀላቀላል፤ የሚበቅሉበት ቦታም በዕድል የሚወሰን ነው። ለመጨረሻው ችግር የተገኘው መፍትሔ በክሪስታሉ ላይ አስቀድሞ በኤሌክትሮን ጨረር ታግዞ ጥቃቅን ጉድጓዶችን በረድፍ መቆፈር ነው፤ አተሞቹ ወደ ጉድጓዱ ስለሚያዘነብሉ ደሴቱ እዚያው ይበቅላል።