«ይበል!» ያለ ሁሉ ደጋፊ አይደለም

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ወይ ይደውልልኛል፣ ወይ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ይይዘኛል። እሮሮው አንድ ነው፦ «አቦ፣ የሚደግፈኝ የጽሑፍ ጓደኛ አጣሁ!» ቀጥሎ የሚደረድራቸውን ምክንያቶች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ዛሬ ልመልስና ልረፍ።

«ጸሐፊ ያለው አዲስ አበባ ነው።» የደራሲያን ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ ልክ ነህ። ረቂቅህን በየሳምንቱ የሚያነብልህ ግን ማኅበር አይደለም፤ ሦስት አራት ሰው ነው። ድሬ ሦስት አራት አንባቢ አጥታ ነው? የእኛ ቡድን ውስጥ ሁለቱ የሚመጡት ከሐረር በሚኒባስ ነው።

«እውነተኛ ጸሐፊ ብቸኛ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ላይ ማን ነበረው?» ይቺን ሐረሮች ይወዷታል። ራምቦ ሐረር የገባው በፈረንጆቹ 1880 ነው። ያኔ ግጥም ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ የመጣው ለንግድ ነው። ግጥም በሚጽፍበት ዘመን ግን ፓሪስ ውስጥ ከገጣሚዎች ጋር ነበር የሚውለው፣ የሚያድረው፣ የሚጣላው።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል።» በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የጻፍከውን ገና ስትጽፈው ጀምሮ ይጠብቅልሃል፤ ማስመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። ያልተጻፈ ሐሳብን ግን አይጠብቅም። አንድ ወዳጄ የልቦለድ ሐሳቡን ዘጠኝ ዓመት ደብቆ ኖረ። እስካሁን አንድ ገጽ የለውም።

«ካልተቃመ ውይይቱ አይደምቅም።» በምርቃና ያልተደነቀ ጽሑፍ አላየሁም፤ በማግሥቱ ማን ያስታውሰዋል?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ደጋፊ ማለት የሚያደንቅልኝ ነው።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምሽት ላይ የራሴን አጭር ልቦለድ አነበብኩ። ሠላሳ ምናምን ሰው ነበር። ታሪኩ በ2011 ነው። ባለታሪኳ ከአዲስ አበባ በባቡር ትመጣና የድሬው ለገሃር ትወርዳለች፤ ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች በከዚራ ዛፎች ሥር እናቷ ቤት ትሄዳለች። «ይበል! ይበል!» ተባለልኝ። እንባዋን የጠረገችም ነበረች። እኔም ደረቴ ተነፋ።

ስወጣ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ አዲሱ ባቡር እኮ ለገሃር አይገባም።»

እውነታቸውን ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከዚራ ያለው ለገሃር የድሮው ጣቢያ ነው። እኔ የልጅነቴን ጣቢያ ናፍቄ አዲሱን ባቡር አስገብቼበታለሁ።

ተናደድኩ። «ልቦለድ እኮ ነው፣ አባባ» ብዬ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው የድሬ ሰው ነው፤ ባቡሩ የት እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል። ይሉኝታ ይዞት ነው ዝም ያለው። ታሪኩን ስጠግን ልጅቷን ከጣቢያው ባጃጅ ላይ ማሳፈር ነበረብኝ። ባለባጃጁ ወሬኛ ሆኖ ወጣ። ዛሬ ያንን ታሪክ ያነበበ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው።

ስለዚህ ቡድን ስትፈልግ ይሉኝታ የሚቀንስበትን ፈልግ። ከሌለ ፍጠር። አምስት ሰው ይበቃል። አሥር ገጽ ከሦስት ቀን በፊት ይላክ። በውይይቱ ሰዓት ጸሐፊው አፉን ይዝጋ፤ «እዚህ ጋ ማለት የፈለግኩት...» ብሎ ነገር የለም፤ አንባቢ ቤት ሄደህ አታስረዳም። አስተያየት ሰጪውም «አሪፍ ነው» ብሎ እንዳያመልጥ። የት ሰለቸህ? የት ግራ ገባህ? የቱን ሰው አላመንከውም? ይመልስ። ስድብ ግን አይፈቀድም፤ አንድ ጎበዝ ልጅ በሰው ፊት ተዋርዶ ጭራሽ መጻፍ ሲያቆም አይቻለሁ።

አንድ ቀረችኝ። «ቡድን ውስጥ የሚገባው የሚጽፍ ብቻ ነው።» የምድር ባቡሩን አዛውንት ለምኜ አስገባኋቸው። አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ የተላከላቸውን አሥር ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ይመጣሉ። ባለፈው የእኔ አራተኛ ገጽ ጥግ ላይ «እዚህ ጋ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ 8 ሰዓት ከሩብ» ብለው ጽፈውልኛል።