«ኢቤይ ላይ በ900 ዶላር አይቼዋለሁ»

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች እቃቸውን ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በጨረታ እየሸጥሁ ስለምረዳ፣ ጠገራ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር አስቀድሜ አውቃለሁ። ስልኩን አውጥቶ «ይኸው 900 ዶላር!» ይለኛል። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ዋጋ መጻፍ ማንን ይቸግራል? ሻጩ ዘጠኝ ሺህም ቢል ከልካይ የለውም። እቃው እስካሁን የሚታየው ግን የሚገዛው ስለጠፋ ነው። በፍለጋው ማጣሪያ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡ፤ ያን ጊዜ የምታዩት ሻጭ የተመኘውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውም አይቀርም፦ «1780 ይላል እኮ!» ሁሉም 1780 ይላል። መልኳ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። ከቪየና ሌላ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም መትተውታል። ሙሶሊኒ እንኳን አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ፣ በአውሮፓውያን 1935፣ የመምታት መብቱን አግኝቶ ሮም ላይ አስመትቷል። ስለዚህ የአያታችሁ ጠገራ ከአያታችሁ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ጥቂት ቀደምት ምቶች አሉ፤ የቀረው የሚሸጠው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው።

«ካልተወለወለ ማን ይገዛዋል?» አንዲት እናት በሎሚና በአመድ ፈትገው፣ በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ደስ ብሏቸው አመጡልኝ። በማጉያ መነጽር ሳየው የንግሥቲቱ ጉንጭ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። ሰብሳቢ የሚሸሸው ይህንኑ ነው። ጥቁረቱን ተዉት፤ ይልቅ ሁለቱንም ፊት፣ በላቲን የተጻፈበትን ጠርዝ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦም ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሱ።

«መነሻውን ዝቅ ካደረግሁ በነጻ ይሄድብኛል።» ፈላጊው ብዙ ከሆነ ዝቅተኛ መነሻ ተጫራች ይሰበስባል፣ ተጫራቾቹም ዋጋውን ራሳቸው ያወጡታል። ፈላጊው አንድና ሁለት ከሆነ ግን ስጋታችሁ ልክ ነው፤ ጨረታውን ትታችሁ በቁርጥ ዋጋ አውጡት።

«የአክስቴ ልጅ ተጫርቶ ዋጋውን ትንሽ ከፍ ቢያደርግልኝስ?» ክልክል ነው፤ የኢቤይ አካውንታችሁን ያዘጋባችኋል።

በመጨረሻዋ ሰከንድ ዋጋ የሚሰጥ ተጫራች አጭበርባሪ አይደለም። የተፈቀደ ነው።

«ተመላሽ አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ።» ጻፉ። እቃው እንደገለጻችሁት ካልሆነ ገዢው ገንዘቡን ያስመልሳል፤ ጭረቱን በግልጽ መጻፍ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የኢቤይ ድርሻ የሚሰላው ከእቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመላኪያውም ገንዘብ ይታሰብበታል። መከታተያ ቁጥር የሌለው ጥቅል ደግሞ አትላኩ፤ ገዢው «አልደረሰኝም» ካለ የምታሳዩት ማስረጃ አይኖራችሁም።

ብራና ይዛችሁ «ውርሴ ነው፣ ሽጥልኝ» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። የራስ ንብረት መሆኑ አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። እኔ አልነካውም።